የልጅ የጥርስ መዝገብ ለመርማሪ ከመስጠትሽ በፊት

ጥያቄሽን አየሁት፣ እህቴ። «ክሊኒኬ ይታከም የነበረ ልጅ ጠፍቶ ነበር። አሁን አስከሬን ተገኘና ፖሊስ የጥርስ መዝገቡን ጠየቀኝ። ምን ላድርግ?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ «ስጪያቸው፣ ግዴታሽ ነው» ብለው አልፈዋል። ልክ ናቸው። ጣጣው ግን የሚጀምረው ከሰጠሽ በኋላ ነው። እኔ አልፌበታለሁና ትንሽ ቢረዝምብሽም ታገሺኝ።

1. መዝገቡ ከእጅሽ ሳይወጣ ሁሉንም ኮፒ አድርጊ። ካርዱን፣ ራጁን፣ ፎቶውን፣ የክፍያ ወረቀቱን ሳይቀር። ኦሪጅናሉ የግድ ነው ካሉሽ ዝርዝሩን ጽፈሽ፣ አስፈርመሽ ስጪ። እኔ ፊርማ ስጠይቅ የመጣው ሰውዬ «እኛ ሱቅ ነን እንዴ ደረሰኝ የምንቆርጠው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፣ ወረቀቱን ብቻ ገፋ አደረግኩለት። እየተነጫነጨ ፈረመ። በኋላ አንዱ ራጅ እነሱው ቢሮ ውስጥ ሲጠፋ ማን አፉን እንደያዘ ገምቺ። ራጁ የድሮው ፊልም ከሆነ ደግሞ ጥጉ ላይ ያለችውን ነጥብ አትርሺ። ቀኝና ግራን የምትለየው እሷ ናት። ኮፒው ላይ ነጥቧ አትወጣም፣ ስለዚህ «ቀኝ»፣ «ግራ» ብለሽ በእጅሽ ጻፊበት።

2. የጥርሶቹን ቁጥር ብቻ አትጻፊ፣ የየትኛዋ ጥርስ እንደሆነ በቃላት ዘርዝሪ። በኤፍዲአይ (የዓለም አቀፉ የጥርስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን) አቆጣጠር 14 ማለት ከላይ በቀኝ ያለችው የመጀመሪያዋ ትንሽ መንጋጋ ናት። አሜሪካኖቹ በሚጠቀሙበት ግን 14 ከላይ በግራ ያለችው ትልቋ መንጋጋ ናት። የወተት ጥርስንም አንዱ ከ51 እስከ 85 ባሉት ቁጥሮች ይጽፋል፣ ሌላው ከኤ እስከ ቲ በፊደል። «የላይ ቀኝ ሁለተኛ የወተት መንጋጋ» ብለሽ ከጻፍሽ ግን የሚሳሳት አይኖርም።

3. ቀን። እያንዳንዱ ነገር መቼ እንደተሠራ በትልቁ ይጻፍ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አዋቂ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። መዝገቡ ላይ የተሞላች ጥርስ አስከሬኑ ላይ ሳትሞላ ጤነኛ ሆና ከተገኘች ሰውየው ሌላ ነው። ያበቃል። ልጅ ላይ ግን ይህ ሕግ ገደል ይከታል። እኔ ዘንድ ይታከም የነበረው የጠፋ ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ 9 ዓመቱ ነበር። 55 ላይ፣ ማለትም የላይ ቀኝ ሁለተኛ የወተት መንጋጋው ላይ፣ ሙሌት ሠርቼለታለሁ። አስከሬኑ የተገኘው ብዙ ቆይቶ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ምንም ያልነካት ንጹሕ ጥርስ አለች። ሪፖርት ጻፊው «መዝገቡ ሙሌት አለ ይላል፣ እዚህ የለም፣ አይመሳሰልም» ብሎ ዘጋው። አይመሳሰልም ስለተባለም የዲኤንኤ ናሙናው ሳይላክ ቀረ። እናትየው ልጄ አንድ ቦታ በሕይወት አለ ብላ መጠበቋን ቀጠለች።

ያቺ ጥርስ 55 አይደለችማ! ተተኪዋ ቋሚ ጥርስ፣ 15 ናት። ከ10 እስከ 12 ዓመት ገደማ የወተቷ ትወልቅና ቋሚዋ ትወጣለች። ልጁ እኔ ጋ ከመጣ በኋላ፣ በሕይወት ሳለ ተቀይራለች፤ ሙሌቴም አብሯት ሄዷል። ይህን የማንኛውም የልጆች ጥርስ ሐኪም ተኝቶም ያውቀዋል። ላስረዳቸው ስሄድ ግን «አንተ ጥርስህን ንቀል፣ ምርመራውን ለእኛ ተው» ተባልኩ። በር ላይ ቆሜ ነው የተነገረኝ፣ ወንበር እንኳ አልተሰጠኝም።

እኔም ድርቅ አልኩ። የመላ መንጋጋውን ራጅ ኮፒ ይዤ ነበር። ከታች በቀኝ፣ ከ85 (ከሁለተኛዋ የወተት መንጋጋ) ሥር፣ መኖር የነበረባት ቋሚ ጥርስ የለችም። ጭራሽ አልተፈጠረችም። በግራ በኩል ግን አለች። «አስከሬኑን በዚሁ አቅጣጫ ራጅ አንሡትና አስተያዩት» አልኳቸው። ተጎትተው፣ ተጎትተው አነሡት። 85 እንደተተከለች አለች፣ ከሥሯ ባዶ አጥንት። የ46 (የታች ቀኝ የመጀመሪያዋ ቋሚ ትልቅ መንጋጋ) ሥሮች አጎነባበስም አንድ ነው። ከዚያ ዲኤንኤውም ተላከ፣ ውጤቱም ያንኑ አለ። የመጨረሻው ሪፖርት ላይ ስሜ አልተጠቀሰም። ግድ የለኝም። (ትንሽ ግድ አለኝ።)

ስለዚህ አንቺም መዝገቡን በባዶው አትላኪ። አንድ ገጽ ማብራሪያ አያይዢበት። የትኛዋ የወተት እንደነበረች፣ ከዚያ ወዲህ የትኛዋ ወልቃ ሊሆን እንደሚችል፣ ምን ቢቀየር እንደማይገርም ጻፊ። ከሥሩ ደግሞ በጊዜ የማይቀየረውን ለይተሽ አስቀምጪ፦ ያልተፈጠረች ጥርስ፣ ትርፍ ጥርስ፣ በ6 ዓመት ገደማ የምትወጣው ትልቋ ቋሚ መንጋጋ ላይ የተሠራ ሥራ። የጥርሷን ስንጥቆች ከመቦርቦር በሚከላከል ማሸጊያ (ሲላንት) ሸፍነሽ ከሆነ በደንብ ጻፊው። ነጭ ወይም ብርሃን አስተላላፊ ስለሆነ ሲያዩት በቀላሉ ያልፋል።

አስከሬኑ የተገኘበት ቦታ ከጠሩሽ ደግሞ ስለ አፈሩ ጠይቂ። ገና ሥር ያላወጣች የቋሚ ጥርስ አናት ውስጧ ክፍት ነው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ቀላል ናት። ከአጥንቱ በቀላሉ ትወድቃለች። ጠጠር መስላቸው የሚጥሏት አሉ። የመንጋጋ አጥንቱ በተገኘበት ቦታ ያለው አፈር በወንፊት ይነፋ በያቸው።

እድሜ ገምቺ ካሉሽ ክልል ስጪ እንጂ አንድ ቁጥር አትስጪ። ሁሉም የሚጠቅሱት የዴሚርጂያን ዘዴ፣ ማለትም ከጥርስ እድገት ራጅ ዕድሜ መገመቻው፣ በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው በፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ልጆች ላይ ተሠርቶ ነው። ሌላ አገር ሲሄድ ብዙ ጊዜ ልጁን ከእድሜው በላይ ያደርገዋል። እኔ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ የጥርስን እድገት በየዕድሜው በሥዕል የሚያሳየውን የለንደን አትላስ አብሬ አያለሁ። ወንድ ነው ሴት የሚለውን ግን የልጅ ጥርስ ቅርጽ አይተሽ እንዳትመልሺ፣ ቢጨቀጭቁሽም።

ቤተሰቡን የማግኘት ዕድል ካለሽ ልጁ ጥርሱ እየታየ የሳቀበትን፣ ቀኑ የሚታወቅ ፎቶ ጠይቂ። ሰልፊ ከሆነ ተጠንቀቂ። አንዳንዱ ስልክ ገልብጦ ያስቀምጠዋል፣ በቀኝ የወለቀው በግራ የወለቀ ይመስልሻል። ልብሱ ላይ ጽሑፍ ካለ ፊደሉ ተገልብጦ እንደሆነ እይ። የወለቀች የወተት ጥርስ ያስቀመጠች እናትም አትጠፋም። ለዲኤንኤ ማነጻጸሪያ ልትሆን ስለምትችል አትጠቡ፣ ደጋግማችሁም አትንኩ በያቸው። ፕላስቲክ ውስጥ ሳይሆን ደረቅ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ትግባ።