ጄኔሬተርም ዳገት ይደክመዋል

ጥያቄ፦ «በብየዳ ደረጃ 3 ጨርሼ ሲኦሲ (የብቃት ምዘና) አልፌያለሁ። ጎንደር አዘዞ አንድ ብረታ ብረት ቤት በቀን ሒሳብ ስሠራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ደንበኛው ያለበት ድረስ ሄጄ የምበይድበት የራሴን ሥራ ልጀምር አስቤያለሁ። አንድ ሰው ያገለገለ፣ ሞተሩና ብየዳው አንድ ላይ የሆነ ባለ 300 አምፔር የናፍጣ ማሽን ሊሸጥልኝ ነው። ያጠራቀምኩትን ሁሉ ይጨርሳል፤ የጎደለውን ታላቅ ወንድሜ ሊያበድረኝ ነው። ሰውየው እስከ ሰኞ ወስን ብሎኛል። ልግዛው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትግዛው። ሰኞም ይለፍ።

ማሽኑ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሳላየው እንዲህ አልልም። ግን እንዲህ ያለ ማሽን የውኃ መስመር ለሚዘረጋ፣ የኤክስካቫተር ባልዲ ለሚጠግን ተቋራጭ የተሠራ ነው። አንተን የሚጠራህ ማን ነው? ማራኪ አካባቢ የግቢ በሩ ከማጠፊያው የተገነጠለበት ሰውዬ፣ ቅዳሜ ገበያ የሱቅ መዝጊያው የተጣመመበት ነጋዴ፣ የአይሱዙው ስፖንዳ የተሰነጠቀበት ሹፌር። ለእነዚህ ሁሉ ባለ 2.5 እና ባለ 3.2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ (እየነደደ ብረቱን የሚያጣብቀው ዘንግ) ይበቃል። ባለ 3.2ቱ የሚፈልገው ከ90 እስከ 130 አምፔር ነው። የቀረውን 170 አምፔር ትገዛዋለህ፣ ናፍጣ ታጠጣዋለህ፣ ተሸክመኸው ትዞራለህ እንጂ አትበይድበትም። መሸከሙም ቀላል አይደለም። አራት ጎልማሳ የማያነሳው ዕቃ ፒክአፕ ወይም ተጎታች ይጠይቃል፤ ትንሹ ኢንቨርተር (ከመብራት ወይም ከጄኔሬተር ኃይል የሚወስደው ቀላል የብየዳ ማሽን) ግን ከእነ ገመዱ ባጃጅ ውስጥ እግርህ ሥር ይገባል።

ቢሮ ከመቀመጤ በፊት እኔም በያጅ ነበርኩ። አንዴ ወደ አይከል መንገድ ላይ የወፍጮ ቤት መቆሚያ ብረት ልበይድ ሄድኩ። ጄኔሬተሬ ላይ «5 ኪሎዋት» ተጽፏል፣ ኢንቨርተሬ ላይ «200» ተጽፏል፤ በወረቀት ሁሉም ይበቃል። ባለ 3.2ቱን ኤሌክትሮድ ለኩሼ ገና ጣት የምታህል ሳልሄድ ሞተሩ አቃሰተ፣ እሳቱ ጠፋ፣ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ወዝውዤ ስነቅለው ልባሱ ተፈረፈረ። እንደገና ሞከርኩ፣ ያው ነው። ባለ ወፍጮው ጋቢውን አጣፍቶ አጠገቤ ቆሟል፤ እህል ያመጡት ሴቶች ደግሞ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ኤሌክትሮዱን ረገምኩ፣ ነጋዴውን ረገምኩ። መጨረሻ ላይ ባለ 2.5 አውጥቼ አምፔሩን ወደ 75 ዝቅ አድርጌ፣ በግማሽ ቀን የሚያልቀውን ሥራ ሲመሽ ጨረስኩት።

ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጋር የሚገናኘው ኦክስጅን ያንሳል። ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ ሩብ የሚጠጋው የለም ማለት ነው። የእኔ 5 ኪሎዋት 4 እንኳ አይሞላም ነበር። ያውም ቁጥሩ ሞተሩ ለአፍታ ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ከዚያ ዝቅ ብሎ በትንሹ የሚጻፈው ነው።

አሁን አንተ አስላ። በኤሌክትሮድ ብየዳ የእሳቱ ቮልቴጅ 20 ሲደመር የአምፔሩ 0.04 እጥፍ ነው። ለ120 አምፔር ወደ 25 ቮልት ይመጣል፤ በ120 ስታባዛው 3 ኪሎዋት። ማሽኑ ራሱ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመር 3.5 ያህል ይሆናል። ርካሽ ኢንቨርተር ኃይሉን እየቆራረጠ ስለሚስብ ደግሞ ጄኔሬተሩ ቢያንስ 5 ኬቪኤ (ቮልቱ በአምፔር ተባዝቶ ለሺህ ሲካፈል) ሊኖረው ይገባል። ከፍታው የሚወስደውን ሩብ ስትመልስበት፣ ጎንደር ላይ ባለ 3.2 ኤሌክትሮድ ሳያቃስት የሚያነድልህ ያለማቋረጥ 6.5 ኪሎዋት ያህል የሚል ጄኔሬተር ነው። ለባለ 2.5 ብቻ ከሆነ 4 ይበቃሃል። (ለከፍታ ተብሎ የካርቡሬተሩ ቀዳዳ የተቀየረለት ሞተር ካለህ መተማ ቆላ ይዘኸው ስትወርድ መልሰው፤ አለበለዚያ ነዳጁ አንሶት ከመጠን በላይ ይግላል።)

ግን ጄኔሬተሩንም አሁን አትግዛ። ከተማ ውስጥ አብዛኛው ደንበኛ ቤቱ መብራት አለው። በኢንቨርተርና በጥሩ ማራዘሚያ ጀምር፤ መብራት በሌለበት ቦታ ለተጠራህበት ቀን ጄኔሬተር ተከራይ፣ ኪራዩንም ዋጋው ውስጥ አስገባ። አንድ ደብተር ያዝና ሦስት ወር ሙሉ፣ በመብራት ምክንያት ያመለጠህን ሥራና ለኪራይ ያወጣኸውን ጻፍ። ደብተሩ ግዛ ሲልህ ትገዛለህ። ቤንዚን በጀሪካን መቅዳት በየጊዜው እንደሚከለከል፣ መንገድ የሚዘጋበት ቀን እንዳለም ታውቃለህ፤ ማሽን ቆሞም ብድር አይቆምም።

ኢንቨርተሩን ስትመርጥ በትልቁ የተጻፈውን «200» እርሳው። ከጎኑ ያለውን በመቶኛ አንብብ፦ 200 አምፔር በ30 በመቶ ማለት ከአሥር ደቂቃ ሦስቱን በይደህ ሰባቱን ታሳርፈዋለህ ማለት ነው። በ60 በመቶ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ እየው፤ 120 ከሆነ ይበቃሃል። ከመክፈልህ በፊት ሱቁ ደጃፍ ላይ ሦስት ባለ 3.2 ኤሌክትሮድ አከታትለህ አቃጥልበት። እምቢ የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቶሃል። ለሻንሲ የሚሆነውን 7018 ኤሌክትሮድም ሞክርበት፤ ብዙ ርካሽ ማሽን በተለመደው 6013 ኤሌክትሮድ ያማረ ይሠራና በ7018 ይንተፋተፋል። 7018 እርጥበት አይወድም፤ በክረምት ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አኑረው። በጋዝ የሚሠራውን ባለ ሽቦ ማሽን ለአሁን ተወው፤ ውጭ ላይ ነፋሱ ጋዙን ይወስደዋል።

ገመድ ላይ አትቆጥብ። የብየዳው ገመድ ባለ 25 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ይሁን። ጫፉን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርገው፤ ከሥሩ ነጭ ከታየ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ማራዘሚያው ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን፤ ስትሠራም ሙሉ በሙሉ ዘርጋው፣ ተጠቅልሎ ከቀረ ይግላል። የደንበኛው ቤት መስመር ቀጭን ከሆነ ብሬከሩ ይወድቃል፤ እሱን በግድ እያነሳህ አትሥራ፣ ወደ ባለ 2.5 ውረድ። ግራይንደር፣ መቆንጠጫ፣ ስኩዌር፣ ሜትር ያው ታውቀዋለህ። ማስኩ መስታወቱ 10 ወይም 11 ቁጥር ይሁን፤ ደረቅ ዱቄት ያለው የእሳት ማጥፊያ አብሮህ ይዙር።

ሱቅ ውስጥ ስትቀጠር «አይሆንም» የሚለው አሠሪህ ነበር፤ ከእንግዲህ አንተ ነህ። መኪና ላይ ከመበየድህ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀል። ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ከሆነ የዚንኩን ሽፋን ፍቀህ ጭሱ ወደ ፊትህ በማይመጣበት በኩል ቁም። የነዳጅ ታንከር ወይም በርሜል «ባዶ ነው፣ ታጥቧል» ብለው ቢያመጡልህ እምቢ በል። ፈንጂው ፈሳሹ ሳይሆን ውስጥ የቀረው ትነት ነው፤ ባዶው ከሙሉው ይከፋል። ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ።

ንግድ ፈቃዱንና ቲኑን ከመጀመሪያው ደንበኛ በፊት አውጣ። ሲኦሲህ እጅህ ላይ ስላለ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደህ ስለ ማሽን ሊዝ ጠይቅ፤ ፀደይ ባንክም ስለ ብድር አነጋግር። ደብተር ይዞ የሚመጣ ሰው ሲመጣ አነጋገራቸውም ይለወጣል።

የቀን ሥራህን ወዲያው አትልቀቅ፤ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ጀምር። ለወንድምህም ብድሩን ለጄኔሬተሩ ጊዜ አቆይልኝ በለው።