አንድ ቤት፣ ሁለት ክረምት

እህቴ፣ በልጅነትዎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከታናሽ ወንድምዎ ጋር ፎገራ፣ አያትዎ ዘንድ ይከርሙ እንደነበር ጽፈውልኛል። ዘንድሮ ልጆችዎን ወደዚያው ለመላክ ሲያስቡ ወንድምዎ «የዚያን ቤት ስም አታንሺብኝ» ብሎ በመቆጣቱ ይኸው ከተኳረፋችሁ ሰነበታችሁ። «ሁለታችንም እዚያው ነው ያደግነው፤ እንዴት እንዲህ ይላል?» ሲሉም ጠይቀዋል።

ከደብዳቤዎ ዓይኔ ያረፈው እርስዎ እንደ ዋዛ ባለፉት አንድ መስመር ላይ ነው፤ «እኔ ከአያቴ ጋር ምድጃ ዳር የበቆሎ እሸት ስጠብስ፣ እሱ ከቁጡው አጎታችን ጋር ከብት ያግድ ነበር» ብለዋል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት በሐምሌና በነሐሴ፣ አንድ የከተማ ልጅ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ አንዲት ላም የሰው ሩዝ ውስጥ ብትገባ ምን እንደሚጠብቀው እያሰበ ሲውል፣ ማታ ከእርስዎ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደሩ ክረምታችሁን አንድ አያደርገውም። ትዝታ ባስታወስነው ቁጥር እንደገና የሚሠራ መሆኑን እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 አሳይቷል፤ በእናንተ ጉዳይ ግን ገና ከመነሻው የኖራችሁት ራሱ የተለያየ ነበር። ወንድ ልጅ «ይጠንክር» እየተባለ ብቻውን የተጋፈጠውን ፍርሃት፣ በእኛ ቤት ከፍርሃት የሚቆጥርለት ብዙ ሰው የለም።

ስለዚህ ወንድምዎን ለማሳመን አይሞክሩ። «አያታችን እኮ ትወድህ ነበር» ማለት እውነት ቢሆንም ንግግሩን ይዘጋዋል። ይልቅ ልጆቹ በሌሉበት፣ «ከብቱን ይዘህ ስትወጣ እንዴት ትውል ነበር?» ብለው ይጠይቁትና ሳያርሙት እስከ መጨረሻው ያዳምጡት። የቡሄውን ሆያ ሆዬና ሙልሙሉን እሱ ራሱ ካነሣው መልካም ነው፤ ካላነሣው እርስዎ አያንሡበት። ምናልባትም ቅሬታው በከፊል እርስዎ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ታላቅ እህቱ ነዎትና፣ አይተው ዝም ያሉ ይመስለው ይሆናል። እርስዎም ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ይህን ግን ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ልጆቹን የመላኩ ጉዳይ ለብቻው ይታይ። የፎገራዋ ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ሳምንት አብረዋቸው ቢሰነብቱ፣ ማን እንደሚጠብቃቸውና ማን እንደሚቆጣቸው በዓይንዎ ያያሉ። አጎትዎ ዛሬም እዚያው ቤት ካሉ ግን፣ ወንድምዎ የሚለውን ሳይሰሙ ልጆቹን አይላኩ።