ስለ ቶርኖ፣ ስለ ቡሎንና ስለ ድሮ ፓተንቶች ጠይቁኝ

ሰላም ሰላም። ቀኑን ሙሉ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ነው የምውለው፣ ማታ ደግሞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓተንት (የፈጠራ መብት ወረቀት) ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል (ባለቤቴ ትስቅብኛለች)። እነዚህን የብረት ማሽኖች ማን ሰራቸው፣ ወረቀቱን ማን ያዘው የሚል ጥያቄ ያላችሁ ወርውሩ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቶርኖን የፈጠረው ሞድስሌይ ነው ብለው ነው ያስተማሩን፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ቶርኖ ራሱማ የጥንት ነው ወንድሜ፣ እንጨት ሲቀርጹበት ኖረዋል። ሄንሪ ሞድስሌይ 1800 አካባቢ ለንደን ላይ ያደረገው ምን መሰለህ፣ በፊት ሰራተኛው መቁረጫውን በእጁ ይዞ ብረቱ ላይ ተጭኖ ነበር የሚሰራው፣ እጁ ከዛለ ስራው ተበላሸ ማለት ነው፣ እሱ መቁረጫውን ተንሸራታች ነገር ላይ አሰረውና ያንን በማርሽ የሚዞር ረጅም ብሎን እንዲጎትተው አደረገ፣ ማርሹን ስትቀይር የምታወጣው ጥርስ (ብሎን ላይ የሚዞረው መስመር) ይሰፋል ወይ ይጠባል። እኔ ዛሬ ጠዋት የሰራሁበትም ይሄው ነው። ግን ሀሳቡ የሱ ብቻ አይደለም፣ ፈረንሳዮች ከሱ በፊት ሞክረውታል፣ አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ ደግሞ ዴቪድ ዊልኪንሰን የሚባል ሰውዬ 1798 ላይ ጥርስ ለሚያወጣ ቶርኖ ፓተንት ወስዷል። ሞድስሌይ ለቶርኖው ፓተንት አላወጣም። የሚገርመው ወረቀት የያዘው ዊልኪንሰንም አልተጠቀመበትም፣ የፓተንቱ 14 ዓመት ሲያልቅ ማሽኑን የሚፈልግ ፋብሪካ ገና አልበዛም ነበር። በ1848 ኮንግረስ 10,000 ዶላር ሰጠው፣ ያኔ ሰውዬው 77 ዓመቱ ነው።

ጥያቄ፦ ለምን ሁሉም ፓተንት አያወጡም ነበር ታዲያ? ሞኝነት አይደል?

መልስ፦ ብሩን እያየሽ እህቴ። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1852 ድረስ ለእንግሊዝ ብቻ 100 ፓውንድ ገደማ ያስወጣል፣ ስኮትላንድና አየርላንድ ሲጨመሩ ከ300 ያልፋል። ሞድስሌይ በቁልፍ ሰሪው በብራማ ወርክሾፕ ፎርማን ሆኖ በሳምንት 30 ሺሊንግ ነበር የሚያገኘው፣ ጭማሪ ቢጠይቅ እምቢ ስላሉት ነው በ1797 ወጥቶ የራሱን የከፈተው። 100 ፓውንድ ማለት 2,000 ሺሊንግ ነው፣ አካፍይው፣ ሳይበላ ሳይጠጣ የ67 ሳምንት ገደማ ደሞዝ! አሜሪካኖቹ ጋ ያን ጊዜ 30 ዶላር ነበር።

ጥያቄ፦ ግማሽ ኢንች ቡሎንና ግማሽ ኢንች ዳዶ ገዝቼ ሁለት ዙር ገብቶ ቀጥ አለብኝ። ሻጩ ትክክል ነው ብሎ ይምላል።

መልስ፦ አትጣላው፣ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ጆሴፍ ዊትዎርዝ (ሞድስሌይ ቤት ሰርቶ ያለፈ ነው) በ1841 የእንግሊዝ ወርክሾፖች ሁሉ አንድ አይነት ጥርስ እንዲጠቀሙ ሀሳብ አቀረበ፣ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ ጫፉ ክብ። በ1864 የፊላዴልፊያው ዊልያም ሴለርስ ደግሞ ይሄ ክብ ጫፍ ለተራ ሰራተኛ ያስቸግራል ብሎ 60 ዲግሪና ጠፍጣፋ ጫፍ አመጣ። አብዛኛው መጠን ላይ የጥርሱ ቁጥር ተመሳሳይ ነው፣ ለምሳሌ 3/8 በሁለቱም በኢንች 16 ስለሆነ እንደምንም ይገባል። ግማሽ ኢንች ላይ ግን የእንግሊዙ 12 የአሜሪካኑ 13 ነው! ሁለት ዙር ሄዶ ይነክሳል፣ በጉልበት እንዳትገፋው፣ እኔ ልጅ እያለሁ ገፍቼ የደንበኛ ፓምፕ ላይ ጥርሱን ሙልጭ አድርጌ ልጬዋለሁ፣ የዛን ወር ደሞዜ የት እንደገባ ገምት። የጥርስ መለኪያ ግዛ፣ ኪስህ ይግባ።

ጥያቄ፦ የእንፋሎት መዶሻውን ፈረንሳዮች ከናስሚዝ ሰረቁት የሚባለውስ?

መልስ፦ እንግሊዝ አገር ይሰራ የነበረው መሀንዲስ ጄምስ ናስሚዝ ራሱ እንደሚያወራው ከሆነ፣ የግሬት ብሪትን መርከብን የመቅዘፊያ ጎማዎች የሚያዞረውን ወፍራም ዘንግ የሚቀጠቅጥ መዶሻ ጠፋ ሲባል በኅዳር 1839 ደብተሩ ላይ ስዕሉን ሳለ፣ መርከቡ ወደ ፕሮፔለር ሲዞር ዘንጉ ቀረ፣ መዶሻውም ደብተር ላይ ቀረ። ፈረንሳይ ካለው ከለ ክሩዞ የብረት ፋብሪካ የመጡት ባለቤቱ ሽናይደርና መሀንዲሱ ቡርዶን እሱ በሌለበት ደብተሩን አይተው ሄዱ። በ1842 እሱ ለ ክሩዞ ሲሄድ የራሱ መዶሻ ቆሞ ሲቀጠቅጥ አገኘው! ሮጦ ተመልሶ በሰኔ ፓተንቱን አወጣ። ፈረንሳዮቹ ሀሳቡ የቡርዶን ነው ይላሉ፣ እነሱም በ1841 የራሳቸውን ወረቀት ይዘዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ስዕል ያለው አንድ ቦታ፣ ብረት ያቆመው ሌላ ቦታ።

ጥያቄ፦ በፓተንት ክፉኛ የተበላው ማነው?

መልስ፦ ክሪስቶፈር ስፔንሰር፣ ያለ ጥርጥር። በ1863 ሊንከን ራሱ የተኮሰበትን ጠመንጃ የሰራው ሰውዬ ነው። በ1873 ብሎን በራሱ የሚያወጣ አውቶማቲክ ቶርኖ ፓተንት አደረገ። የማሽኑ አንጎል አንድ የሚዞር ከበሮ ነው፣ ላዩ ላይ የብረት ቁራጮች ይታሰራሉ፣ ከበሮው ሲዞር ቁራጮቹ ሊቨሩን እየገፉ መቁረጫዎቹን ተራ በተራ ያስገባሉ ያስወጣሉ፣ ቁራጮቹን ቦታ ስትቀይር ማሽኑ ሌላ ስራ ይሰራል፣ ፕሮግራም ማድረግ በሉት። ታዲያ ጠበቃው ማመልከቻውን ሲጽፍ ሌላ ሌላውን ሁሉ ጠቅሶ ያንን ከበሮ ዘለለው! ስዕሉ ላይ አለ፣ የይገባኛል ጥያቄው (የኔ ነው ብሎ የሚዘረዝረው ክፍል) ውስጥ ግን የለም፣ ሕጉ የሚጠብቀው ደግሞ እዛ የተዘረዘረውን ነው፣ እና ማንም እንደፈለገ ገለበጠው። እኔ ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ሻዬ ቀዝቅዞ ቀረ።

ጥያቄ፦ አፄ ቴዎድሮስ ከነዚህ ማሽኖች አንዱን አላገኙም?

መልስ፦ ለጥቂት። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት ያለነዚህ ማሽኖች ነው። በ1866 ሚሲዮናዊውን ፍላድን ባለሙያና ማሽን እንዲያመጣ እንግሊዝ ላኩት፣ ሰዎቹም ዕቃውም ምፅዋ ደረሱ፣ እንግሊዞች ግን ቴዎድሮስ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ሳይፈቱ አናሳልፍም ብለው መለሱት።

ጥያቄ፦ እኔም ማንበብ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጎግል ፓተንትስ ላይ የአሜሪካን 38119 ብለህ ፈልግ፣ የስቲቨን ሞርስ የትራፓኖ ፑንታ (ብረት መብሻ) ነው፣ 1863፣ አጭር ነው። ከ1836 በፊት የወጡትን ስትፈልግ ብዙዎቹን አታገኛቸውም፣ በዛ ዓመት ታህሳስ ላይ ቢሮው ተቃጥሎ 10,000 ገደማ ፓተንት ጠፍቷል። ደግሞ ስዕሉ ላይ አፍጥጠህ አትቅር፣ መጨረሻ ላይ ይገባኛል ብሎ የዘረዘረውን አንብብ፣ የስፔንሰር ጠበቃ የዘለለው እዛ ጋ ነው።