ወሎ ላይ ሥዕልና ቅርስ ለሚወድ

ወንድሜ፣ «ሙዚየምና ጥንታዊ ሥዕል እወዳለሁ፤ ወሎ ስሄድ ከየት ልጀምር?» ላልከው፣ እኔም ያንተው ልክፍት ስላለብኝ ልንገርህ። ላሊበላ የሄደ ሁሉ ቤተ ጊዮርጊስን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። አንተ ቤተ ማርያም ግባና ቀና በል። ቅስቶቹና ጣሪያው በሥዕል የተሞሉ ናቸው፤ ነጭና ጥቁር በሬ ሲዋጉ ታያለህ። ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ታገስ። ፍላሽ ግን አደራ!

ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም አይቅርብህ። ከላሊበላ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋሻ ውስጥ የታነጸ እንጂ ከዓለት የተፈለፈለ አይደለም። ግድግዳው አንድ ረድፍ የጠቆረ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ የተለሰነ ድንጋይ እያለ ይወጣል፤ የአክሱም አሠራር ነው። ላሊበሎች አይስሙኝና፣ እኔ እሱን አስበልጣለሁ። በደሴ በኩል ከመጣህ ደግሞ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጎራ በል፤ የቅርስ ማሳያ አለው።