አይስ ኮፊው ነው ወይስ ወተቱ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ እንደምትሠሪ፣ አብዛኛውን ቀን ምሳ ትተሽ በኮንደንስድ ሚልክ (ስኳር ገብቶበት በወፈረ የቆርቆሮ ወተት) የተሠራ አይስ ኮፊ ጠጥተሽ እንደምትውዪ ጽፈሻል። እናትሽ ስኳር አለባቸው። አንቺም በባዶ ሆድ የደም ስኳርሽን ተለክተሽ 112 ወጣ። «የሚጎዳኝ ቡናው ነው ወይስ ወተቱ?» ነው ያልሽው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አራት ኪሎ ትንሽ ካፌ አለችኝ፣ ይህንን መጠጥ በእጄ ነው የምሠራው። ቤትም እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነች ማንኪያ መቁጠር ለምጃለሁ።

በቡናው አትፍረጂበት። ጣጣው ማንኪያው ላይ ነው።

አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ኮንደንስድ ሚልክ 20 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ 11 ግራም የሚሆነው ስኳር ነው። ጥቂቱ የወተቱ የራሱ ነው፣ አብዛኛው ግን ፋብሪካ የተጨመረ። «ወተት» ስለተባለ ብቻ ሰው ስኳር አይመስለውም። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ «ስኳር እንዳታደርጊብኝ፣ ወተቱን ግን ጨመር አድርጊው» ይለኛል። እስቲ ምን ይባላል? ሦስት ማንኪያ ከገባበት 33 ግራም ስኳርና ወደ 195 ካሎሪ ጠጣሽ ማለት ነው። 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ካለው ስኳር ብዙ አይርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። ሻዩን፣ ኬኩን፣ የማኪያቶውን ስኳር ገና አልቆጠርንም።

ማንኪያው ደግሞ ልሙጥ ሆኖ አያውቅም። ወተቱ ወፍራም ስለሆነ ከላይ ይቆለላል፣ ከማንኪያው ጀርባም ተለጥፎ ይወርዳል። በዚያ ላይ ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ያደበዝዛል። ትኩስ ሆኖ አፍ የሚያጣብቀው ቡና በረዶ ሲገባበት «አልጣፈጠም» ይባላል። በረዶው ሟሙቶ ሲቀጥን ደግሞ «ትንሽ ጨምሪልኝ» ይመጣል። ሳያማስሉ ከታች የረጋውን ነጩን በስትሮ የሚስቡም አሉ።

መጠጡ በቬትናም የታወቀ ነው። እዚያ የሚጠጣው በአብዛኛው ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዓይነት ነው፤ ጠቁሮ የተቆላ፣ መራራ፣ ካፌኑም ከአረቢካ እጥፍ ገደማ የሚሆን። ፈረንሳዮች ቬትናምን ቅኝ በገዙበት ዘመን ትኩስ ወተት እንደ ልብ አይገኝም ነበር፣ የተገኘውም በሙቀቱ ይበላሻል። ስለዚህ የቆርቆሮ ወተት ገባ፣ ያን ምሬትም ቻለው። የእኛ ቡና አረቢካ ነው፤ ያን ያህል ጣፋጭ አይፈልግም። ይርጋጨፌን በሦስት ማንኪያ ማፈን ለእኔ ግፍ ነው። አንድ ማንኪያ ብቻ በይና የቀረውን በቀዘቀዘ ተራ ወተት ሙዪው። የሚጨመረው ስኳር ወደ ሲሶ ይወርዳል። ጿሚ ከሆንሽ ረቡዕና ዓርብ በራሱ ይቀርልሻል።

ቤት የምትሠሪ ከሆነ ቆርቆሮውን አገላብጠሽ አንብቢ። «ኢቫፖሬትድ» የሚለው ስኳር ያልተጨመረበት ነው፣ ላንቺ እሱ ይሻላል። «ክሪመር» የሚለው ግን መልኩ ከኮንደንስድ ሚልክ ጋር ቢመሳሰልም ብዙ ጊዜ የወተቱ ስብ በፓልም ዘይት የተተካ ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ምሳ መተውሽ ነው። ፈሳሽ ስኳር ባዶ ሆድ ሲያገኝ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ የሚያዘገየው ምግብ የለም። «ወተት አለው፣ ያጠግባል» እንዳትዪኝ። ሦስቱ ማንኪያ ተደምሮ 5 ግራም ፕሮቲን አይሞላም። ሽሮ በእንጀራ ብትበዪ በብዙ ይሻልሻል። እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር አለ። ቡና ከምስሩና ከሽሮው የምናገኘውን አይረን ሰውነታችን እንዳይወስድ ያግዳል፤ ምሳ በተበላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢጠጣም ያው ነው። እኛ ደግሞ እጅ ሳንታጠብ ቡና የምንል ሰዎች ነን። ደም ማነስ ካለብሽ በምሳሽና በቡናሽ መሃል ሰፋ ያለ ጊዜ ይኑር።

ሰፋ ይበል ስልሽ ግን ማታ ድረስ አታቆዪው። ካፌን በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ግማሽ ለመሆን 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 10 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ማታ 3 ሰዓት ላይም ግማሹ አለ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ የቀን ጣሪያሽ 200 ሚሊ ግራም ነው፣ ለሌላው ጤነኛ አዋቂ 400።

በረዶውንም ጠይቂ። ከምን ውሃ ነው የተሠራው? ማቀዝቀዝ ጀርም አይገድልም። ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት ከሆነ፣ ከበርሜል የተቀዳ ውሃ በረዶ ሆኖ ብርጭቆሽ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጠይቀሽ የሚቆጣሽ ካፌ ካለ ተነሺና ሂጂ።

ስለ 112ቱ፣ ስኳር ያዘሽ ማለት አይደለም፤ ስኳር ነው የሚባለው በባዶ ሆድ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ሲረጋገጥ ነው። ጤነኛም የሚባል ቁጥር ግን አይደለም፣ በመሃል ነሽ። በእናትሽ በኩልም ስላለ ሐኪም ዘንድ ቀርበሽ ድጋሚ ተለኪ፣ የምትጠጪውንም ሳትደብቂ ንገሪው። ለምርመራው ስትሄጂ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም እንዳትቀምሺ። ጠዋት «ቡና ብቻ እኮ ነው» ብለሽ አይስ ኮፊ ጠጥተሽ ከገባሽ ውጤቱ አያገለግልሽም።