ዴሊቨሪ ላቆምክባት አሮጌ ቪትዝ

ዴሊቨሪውን ትተህ፣ ዘይት የምትበላዋን ቪትዝህን ጅማ ውስጥ ለማን በነጻ ልስጥ ላልከው፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማንኳኳው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በር ነው። የአውቶ ተማሪ ባትሮጥም ግድ የለውም። የሚፈታው ሞተር ይፈልጋል፤ ካምቢዮ አውርዶ፣ ፍሪሲዮን ገልጦ መልሶ የሚገጥምበት። ኪቶ ፉርዲሳ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ጠይቅ።

ለበጎ አድራጎት ድርጅት ለመስጠት ካሰብክ ግን፣ መኪናዋን ሰጥተህ የጋራዥ ወጪ አታሸክማቸው። ሽጠህ ብሩን ስጣቸው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለታገደ አሮጌም ገዢ አያጣም። ለመለዋወጫም ቢሆን።

ከሁሉም በፊት ስሟን አዛውር! በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱ ይጠየቃል፣ ሌላ ሰው ቢነዳውም። ሊብሬው ባንተ ስም እያለ አንዱ ይዟት ወጥቶ አጋሮ መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ፣ ጣጣው አንተ ቤት ይመጣል። ስለዚህ ስጦታም ቢሆን ውል ይጻፍ፣ ይመዝገብ። «ወንድሜ፣ በኋላ እንጨርሰዋለን» የሚልህን አትስማ። ያልተከፈለ ቅጣት ካለባት ቀድመህ ዝጋው። በሩ ላይ ያለውን የዴሊቨሪ ስቲከርም ላጠው፤ በሙቅ ውሃ ይለቃል።