ከሰልና የተዘጋ በር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ኅዳር ሲገባ ከሐረር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ወደ ከሰል ይዞራሉ። ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሲመሽ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ድሬ ዝቅ ስለምትል ብርድ ባይኖራትም ከሰል ከቤቷ አይጠፋም። ስለ ምድጃ የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። ከምድጃው ይልቅ ግን ስለ በርና መስኮት ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ሰው በከሰል ጭስ ታፍኖ ሞተ የሚል ዜና ዛሬም አልቀረልንምና።

አያቴ ባቡር ላይ ይሠሩ ነበር። ከሳቸው የቀረ ከባድ የብረት ምድጃ አለን፤ አራት እግር፣ በርና የቱቦ ቀዳዳ አለው። ከሰል ባነድበት ሳሎኑን ያሞቅልኛል? (ከሐረር)

ያሞቃል። ጭሱ በቱቦ ከቤት ካልወጣ ግን እንዳትለኩሰው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ነውና እንዲህ ያለ ከባድ ዕቃ በሐዲዱ መጥቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ለምን እንደተሠራ እይ። ከታች ወፍራም የብረት ፍርግርግ፣ ከሥሩ የአመድ ማጠራቀሚያና ትንሽ የአየር በር ካለው ለድንጋይ ከሰል የተሠራ ነው። የድንጋይ ከሰል ከሥሩ አየር ካላገኘ አይነድም። ወለሉ ድፍን ከሆነ ግን ለእንጨት ሳይሆን አይቀርም። የእኛ የእንጨት ከሰልም ከሥር አየር ይወዳል፤ ስለዚህ ፍርግርግ ያለው ይሻልሃል። ክፍተቱ ሰፍቶ ፍሙ ወደ አመዱ ከወረደ በያጅ ጠበቅ ያለ ይሠራልሃል።

ቀጥሎ ስንጥቅ ፈልግ። ማታ መብራት አጥፋና የስልክህን ባትሪ ምድጃው ውስጥ አብራ። ብርሃን በወጣበት ሁሉ ሰው የሚያፍነው የከሰል ጋዝም ይወጣል። እንዲህ ያለው ምድጃ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በያጆች ጊዛ ከሚሉት ብረት ነው፤ ተራ ብየዳ ቢይዘው እንኳ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ትልቅ ከሆነ ምድጃው ለአያትህ መታሰቢያ ይቀመጥ እንጂ እሳት አይንካው። በሩ ላይ ደግሞ ወረቀት አስገብተህ ዝጋ። ወረቀቱ ያለ ችግር ከተሳበ በሩ አልገጠመም። በሩ ዙሪያ ያረጀ ገመድ የሚመስል ነገር ካለ አትፋቀው። የድሮ ምድጃዎች ላይ አስቤስቶስ ይገኛል፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። ለሚያውቅ ሰው አሳይ።

ቱቦውን በላሜራ አሠራው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲግል መጥፎ ጭስ ስለሚያወጣ አይሆንም። የቱቦው ስፋት ከምድጃው ቀዳዳ አይነስ። ጫፉ ከጣሪያው በላይ ወጥቶ፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም ነገር ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ካልሆነ ነፋስ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል። ኮርኒሱን በሚያልፍበት ቦታ እንጨት እንዳይነካው። ምድጃውን ከሶፋና ከመጋረጃ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው። ቱቦው ላይ የሚዞር መዝጊያ ካለ ጨርሶ እንዳይዘጋ አስበይደው። ሙቀቱ እንዳይባክን ብሎ ማታ የሚዘጋው ሰው አለ፤ ያኔ ጋዙ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ቤታችሁ ጁገል ውስጥ ከሆነ ግንብም ጣሪያም ከመብሳትህ በፊት የቅርስ ጥበቃ ሰዎችን አነጋግር። ጁገል ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነው። ካልተፈቀደልህ ምድጃውን ተወው። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ራሱ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል።

ልጄ በሰላም ተገላገለች፣ ተመስገን። ብርድ እንዳይመታት የአራስ ክፍሏ ከሰል ገብቶ በሩ ይዘጋል። ጎረቤቴ አደገኛ ነው አለችኝ። እኛ እኮ ሁላችንም እንዲህ ነው ያደግነው። (እናት፣ ከሐረር)

እንኳን ማርያም ማረችልን እናቴ! ጎረቤትዎ እውነቷን ነው፤ እባክዎ ዛሬውኑ ያውጡት። ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ይይዘዋል፤ አያያዙም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣል። ከዚያ ሰው ራሱን ይስታል። አራስ ደግሞ ድካሙ የወሊድ ይመስላታል። ሕፃኑ አመመኝ አይል። ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ጋዙ እሱን ፈጥኖ ይጎዳዋል።

የድሮው ሣር ቤት በጣሪያውም በግድግዳውም አየር ያስገባ ነበር። የዛሬው ብሎኬት ቤት በብረት መስኮትና በኮርኒስ ተከድኗል። ያኔ ብዙዎቻችን ተርፈናል፤ ያልተረፉም ግን ነበሩ።

ሙቀቱን በሌላ መንገድ ያምጡ። ሕፃኑ ኮፍያ ይልበስ፤ እናቱ ነቅታ ሳለች ልብሱን አውልቃ ደረቷ ላይ ትቀፈው፤ ከላይ ጋቢ ይደረብ። ቆዳ ለቆዳ መታቀፍ ሐኪሞችም የሚመክሩት ነው። አልጋውን ቀድመው ትኩስ ውሃ በያዘ ዕቃ ያሙቁት፤ ሕፃኑ ከመተኛቱ በፊት ግን ያንሱት። መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከከሰል በብዙ ይሻላል። ቡናው ሳሎን፣ በሩ ተከፍቶ ይፈላ።

ከዚራ ሰፈር ትንሽ ቡና ቤት አለኝ። በሙቀቱ ምክንያት በር ዘግተን ኤሲ እናበራለን። ከሰዓት ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ ራሷን ያማታል። ዕጣኑ ይሆን? (ከድሬዳዋ)

ድሬ እንደለመድነው አንተ ልበልህ፣ ወንድሜ። ዕጣኑም ጭስ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠረጥረው ከሰሉን ነው። አብዛኛው ኤሲ የክፍሉን አየር እያቀዘቀዘ መልሶ እዚያው ያዞረዋል። ንጹሕ አየር አያስገባም፤ ጋዙንም አያስወጣም። አንድ ነገር አስተውል፦ ልጅቷ ውጭ ወጥታ ስትቆይ ይሻላታል? ዕረፍት በምትሆንበት ቀንስ? እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ የአየሩ ነው፤ ሐኪምም ትይ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ አንድ ቀን አትጠብቅ፤ ጋዙ ፅንሱን የበለጠ ይጎዳል። ምድጃውን በረንዳ ላይ አውጣው፣ ወይም ውስጥ በኤሌክትሪክ አፍሉ። ደንበኛ የፍሙን ወግ ይወዳል፤ አውቃለሁ። በረንዳ ላይም ወጉ አይጎድልም። ልጅቷ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት።

የትኛው ከሰል ይሻላል? (ከድሬዳዋ)

ክብደት ያለው፣ ሲጋጭ እንደ ብረት የሚጮህ። የግራር ከሰል እንዲህ ነው፤ ነገር ግን ግራሩ እያለቀ ነው። በአፋርና በድሬ ዙሪያ መሬቱን እየወረረ ያለው ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍም ጠንካራ ከሰል ይወጣዋል፤ ካገኘሽ እሱን ግዢ። የባህር ዛፍ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ሲቀጣጠል ብዙ ነጭ ጭስ ካለው እርጥብ ነው ወይም በደንብ አልከሰለም። በፌስታልና በጎማ አታቀጣጥዪ፤ የደረቀ የጫት እንጨት ይበቃል። ሁልጊዜም ውጭ አያይዢው።

ላቀች ምድጃ ልግዛ ወይስ የቆርቆሮው ይበቃኛል? (ከሐረር)

ላቀችን ግዢ። ውስጡ ያለው ሸክላ ሙቀቱን ስለሚይዝ ከሰል ይቆጥባል። መጀመሪያ በትንሽ ፍም አለማምጂው፤ ትኩስ እያለ ውሃ ከነካው ሸክላው ይሰነጠቃል። ቆጣቢ ነው ማለት ግን ጋዝ የለውም ማለት አይደለም።

ከምድጃው አጠገብ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ ጋዙን ይስባል ይባላል። እውነት ነው? (ከድሬዳዋ)

አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ጨውም ሎሚም አያጠፋውም። ፍሙ ላይ የምታያት ሰማያዊ ነበልባል ራሷ ይህ ጋዝ ሲቃጠል ነው። ነበልባሏ ጠፍታ ፍሙ አመድ ሲለብስ በረደ ብለን ወደ መኝታ እናስገባዋለን፤ ጋዙ ግን ሳይቃጠል መውጣቱን ይቀጥላል።

ሰው በከሰል ታፍኖ ባገኝ ምን ላድርግ? (ከሐረር)

ትንፋሽህን ይዘህ ግባ፤ በሩን በርግደህ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጣ። ምድጃው ይቆይ፤ ሰው ይቀድማል። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኛው፤ ወተትም ሎሚም አፉ ውስጥ አታድርግ። መተንፈስ ካቆመ የምታውቅ ከሆነ ደረቱን እየተጫንክ እርዳው፤ ሌላው ሰው መኪና ይጥራ። ነቅቶ ደህና ነኝ ቢልህም ሆስፒታል ውሰደው። እንዲሁ ሲተነፍስ ጋዙ ከደሙ ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በጭምብል ኦክስጅን ሲሰጠው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። እዚያው ክፍል ያደሩትን ሁሉ፣ ልጆቹንም ጭምር ውሰድ። እንደ ደረስክ ክፍሉ ውስጥ ከሰል ነበር ብለህ ተናገር። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለየው ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ሐኪሙ ከሰል እንደነበር ካልሰማ በምግብ መመረዝ ወይም በጉንፋን ሊጠረጥር ይችላል።